አደባባዩ ተነጠፈ፤ ልጆቹ ከየት ይምጡ?

በሒሳብ እንጀምር። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች እሑድ ከሰዓት ፒያሳ፣ ምኒልክ አደባባይ ወጥተው ሊናፈሱ አሰቡ እንበል። ቤታቸው አዲስ አበባ ዳር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ፒያሳ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ ግድ ነው። አምስት ሰው፣ ሁለት ታክሲ፣ ደርሶ መልስ፦ ሀያ ሒሳብ። ትንሿን እናቷ ብታቅፋትና ረዳቱም አይቶ እንዳላየ ቢያልፍ አሥራ ስድስት ይሆናል። ገና ውኃ አልተገዛም፤ ከልጆቹም አንዱ «አይስክሬም» ብሎ አላለቀሰም።

ይኸው ቤተሰብ አደባባዩ አጠገብ በነበሩት በዶሮ ማነቂያ ወይም በሠራተኛ ሰፈር ቢኖር ኖሮ ወጪው ዜሮ ነበር። ልጆቹ በነጠላ ጫማ ወጥተው፣ ጊዮርጊስን ተሳልመው፣ አደባባዩን ዞረው፣ ቡና ሳይፈላ ይመለሱ ነበር።

በ2016 አሮጌ ሰፈሮቹ ፈርሰው አካባቢው ከታደሰ ወዲህ ስለ ፒያሳ ሲወራ አንዱ ወገን ፎቶ ያሳያል፣ ሌላው ትዝታ ያወራል። ፎቶውም ትዝታውም እውነት አላቸው። የሁለቱም ወሬ የሚዘለው ግን አንድ ነገር አለ፤ እሱም ርቀት ነው። የልጅ መጫወቻ ቦታ ልጁ ማንንም ሳያስቸግር በእግሩ ካልደረሰበት የመጫወቻነቱ ግማሽ እዚያው ይቀራል። ምኒልክ አደባባይ ዛሬ ከመቼውም የተሻለ መረገጫ አለው። አጥቶት የነበረውን ንጣፍ ባገኘ ጊዜ ግን ያልተቸገረበትን አጣ፤ በእግራቸው የሚመጡለትን ልጆች።

ቦታው «መዝናኛ ይሁን» ተብሎ አልተቆረቆረም። ሰው አራዳን፣ የዛሬውን ፒያሳ፣ የለመደው በገበያው ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአራዳ ገበያ የከተማዋ ትልቁ ገበያ ነበርና፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ገዝቶና ሸጦ ብቻ አይመለስም፤ አዋጅ ይሰማል፣ ዘመድ ያገኛል፣ ወሬ ይለዋወጣል። ከገበያው አጠገብ ከዓድዋ ድል በኋላ ስምንት ማዕዘን ሆኖ የታነጸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በፈረስ ላይ ያሉት የንጉሠ ነገሥቱ ሐውልት ደግሞ የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን በ1929 ሐውልቱን አስነሣ፤ ገበያውንም ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ሰፈር ተከለ። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ተመለሰ፤ ገበያው ግን በዚያው ቀረ። እንዲህ ሆኖ የተገኘው ባዶ ስፍራ ነው በኋላ ለሰፈሩ ልጆች የተረፈው።

ከሰፈር ልጆች ጨዋታ ምን ሊወጣ እንደሚችል ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብን አመሠራረት ማስታወስ ይበቃል። በ1928፣ የጣሊያን ጦርነት በተከፈተበት ዓመት፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች ጓደኞቻቸውን ሰብስበው እዚሁ አራዳ ውስጥ ቡድን አቋቋሙ። ስያሜውን ከአጥቢያቸው ወሰዱ። በከተማዋ የሚኖሩት አርመኖች አራራት፣ ግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ የሚሉ ቡድኖች ነበሯቸው፤ የአራዳ ልጆች ደግሞ የራሳቸውን ፈለጉ። በአገሪቱ ብዙ ዋንጫ የሰበሰበው ክለብ የተጀመረው ስታዲየም በሌለበት፣ እርስ በርስ በሚተዋወቁ፣ ሲመሽ በየቤታቸው በእግራቸው በሚገቡ ልጆች ነው። ይህን የማነሣው ለኩራት አይደለም (ለኩራቱ ሌላ ደጋፊ ሞልቷል)። ከንጣፉና ከመብራቱ በፊት ምን መኖር እንዳለበት ስለሚያሳይ ነው።

አሁን ወደ ትዝታው እንምጣ፣ ነገር ግን ስኳር ሳንጨምርበት። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የፒያሳ ጓዳና ጓሮም የቀበሌ ቤት ተባለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የሰው ቁጥር ጨመረ፤ ቤቱ ግን አልሰፋም። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ሲያድር ልጁ የሚማረውም የሚጫወተውም ደጅ ነው። ጎዳናው የሰፈሩ ሳሎን ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። የካልሲ ኳስ፣ ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፤ ከፍ ሲሉ ደግሞ ጆተኒና ፑል። ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆናል፣ መኪና ሲመጣ ጨዋታው ይቆማል፣ መኪናው ሲያልፍ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ የሆነው ግን ቤት ስለጠበበ ነው። ብዙ አባወራ በአንድ መጸዳጃ ቤት ይጠቀም ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ በበር ይገባል። ጨዋታውም ለሁሉም እኩል አልነበረም። ወንዱ ልጅ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዶ ሲጠፋ ሴቷ «ከበር እንዳትርቂ» ትባላለች። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደጅ የምትታይ ልጃገረድ የዕድሩ ሁሉ መነጋገሪያ ነበረች። አባቶች እሑድ ጠዋት በየጤና ቡድናቸው ኳስ ሮጠው (ከሩጫው ይልቅ ከሩጫው በኋላ ያለው ቁርስ ይበረታል)፣ ከሰዓት ቀበሌ መዝናኛ ይቀመጣሉ። እናቶችስ? ለእናት እሑድ የልብስ አጠባ ቀን ነው። የናፈቀችው ቢኖር ማኅበር ወይም ክርስትና ነበር፤ እዚያም ሄዳ ወጥ ስትሠራ ትውላለች።

ቀበሌ መዝናኛ ካልሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ዛሬ ማንም አያነሣውም፤ ግድግዳው ቀለም የራቀው፣ ወንበሩ የሚንቀጠቀጥ ቤት ነበርና። ነገር ግን ሻይ በርካሽ ይጠጣበታል፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወቱበታል፣ ቴሌቪዥን ያልገዛ ሰው ኳስ ያይበታል። ከሁሉ በላይ ግን ከቤት በሁለት ደቂቃ ይደረስበታል። በአገራችን የመዝናኛ ፖሊሲ ታሪክ ቢጻፍ ይህ የተናቀ ቤት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይገባዋል።

የፒያሳ ሌላው ፊት ኪስ ላለው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ኤንሪኮ ኬክ፣ ቶሞካ ቡና፣ ከሰዓት ሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም ሲኒማ አምፒር፣ አለዚያም ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ በመጨረሻ ፎቶ ቤት ገብቶ ቤተሰቡ በሙሉ ተሰልፎ መነሳት። ይህን የፒያሳ እሑድ ስንተርክ «ሁላችንም» እንላለን። የሠራተኛ ሰፈር ልጅ ግን ኬኩን ብዙ ጊዜ ያየው በመስታወት ውስጥ ነው።

በ2016 የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ እነዚህ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ከነዋሪዎቻቸውም ብዙዎቹ ከተማዋ ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተዛወሩ። የካቲት 3 ቀን በዚያው ዓመት ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከአደባባዩ ፊት ለፊት ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የተሠራው መንገድ በእውነት ይመሰገናል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት፣ የሕዝብ መጸዳጃ፣ እዚህም እዚያም የሕፃናት መጫወቻ። የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ወላጅና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ፒያሳን ያለ ጠብ ያገኙት ገና አሁን ነው፤ የቀድሞውን የእግረኛ መንገድ በዝናብ ቀን የሄደበት ይመስክር። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ግን የማታው ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ተቃቅፈው የሚሄዱ ልጃገረዶች፣ ልጅ ትከሻቸው ላይ የጫኑ አባቶች ወክ ያደርጋሉ። «ከበር እንዳትርቂ» ትባል የነበረችው ልጅ ዛሬ እናት ሆና፣ ሴት ልጇን ይዛ መብራት ሥር ስትራመድ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። አሮጌው ፒያሳ ይህን አልሰጣትም።

ታዲያ ምን ጎደለ? ጥቃቅኑን ላስቀድም። ጥላ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ በበጋ ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ፀሐይ አናት ይበሳል። በየመንገዱ የተተከለው ዘንባባ ለፎቶ ያምራል እንጂ ከሥሩ ልጅ አያስጠልልም። የቀድሞው ሰው ዋርካና ወይራ ሥር የተሰበሰበው ውበት ስለማያውቅ አልነበረም። ስለዚህ አደባባዩ ከጠዋቱና ከማታው በቀር የቤተሰብ አይደለም፤ ቀኑን ለፎቶ አንሺና ለቸኳይ ይተዋል።

ቀጥሎ ኳስ። በአንዱ አዲስ አደባባይ አጠገብ ስድስት ሰባት ልጆች ኳስ ይዘው ቆመዋል። ጥበቃው በትሕትና ነው የከለከላቸው፦ «ልጆች፣ እዚህ አይቻልም፤ ወዲያ ሂዱ።» አንደኛው «ጋሼ፣ ወዲያ የት?» አለ። ጥበቃውም አሰበና ወደ አራት ኪሎ ጠቆመ። በአራት ኪሎ በኩል ያለው ጥበቃ ወዴት እንደሚጠቁም መገመት ነው። የተነጠፈው ድንጋይ ውድ ነው፣ መብራቱም ይሰበራል፤ የጥበቃው ፍርሃት ይገባኛል። ነገር ግን ሮጦ የማይጫወትበት ልጅ አደባባዩን ምን ያደርግበታል? የዓለም ጤና ድርጅት ከአምስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ዥዋዥዌ ላይ ተራ መጠበቅ ከዚህ አይቆጠርም።

ሦስተኛው የሆድ ነገር ነው። የእኛ ሰው ባዶ አፉን ወክ አያደርግም። የተጠበሰ በቆሎ፣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ሸንኮራ የመናፈሻው አካል ነው። ደንብ አስከባሪ ሱቅ በደረቴውን ሲያባርር የተባረረው ነጋዴው ብቻ አይደለም፤ በትንሽ ብር ሦስት ልጅ ማስደሰት የሚችለው አባትም አብሮ ነው። እሱ ምርጫው ካፌ መግባት ወይም ልጆቹን እያባበሉ ማለፍ ይሆናል። ቦታው የተለየለት፣ ንጽሕናው የሚታይለት፣ ፈቃድ ያለው በቆሎ ጠባሽ አደባባዩን አያዋርደውም።

ትልቁ ነገር ግን መግቢያዬ ላይ ያነሣሁት ነው፦ የሚመጡት ልጆች ሩቅ ናቸው።

ከተማዋ ባለፉት ዓመታት መናፈሻ አላጣችም። አንድነት ፓርክ በ2012 ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ ወዳጅነት፣ በ2013 መግቢያ እንጦጦ ተከተሉ። ሦስቱም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ሦስቱም ግን «የሚሄዱባቸው» ቦታዎች ናቸው፤ ሰው ልብስ ቀይሮ፣ ቀን ቆርጦ፣ ገንዘብ ቆጥሮ ይሄድባቸዋል። አንድነት ፓርክ ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር ነበር፤ በጊዜው ለአንድ የቀን ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። እንዲህ ያለ ቦታ የዓመት በዓል መዝናኛ ነው። ልጅ ግን የሚያድገው በማክሰኞና በረቡዕ ነው።

ከፒያሳ ብዙ የማይርቀው ጃንሜዳ ተቃራኒው ነው። በአብዛኛው ሣርና አቧራ ነው። ፈረስ ይጋለብበታል፣ አገር አቋራጭ ይሮጥበታል፣ ገና ይመታበታል፣ የሰፈር ቡድን ኳስ ይጫወትበታል፣ ጥር 10 ሲመጣ ታቦታት ያድሩበታል። ብዙ ነገር ስላልተገነባበት ሁሉንም ነገር ይችላል። በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የፒያሳው አትክልት ተራ ለጊዜው ወደዚያ ተዛወረና ሜዳው ሽንኩርትና ጭቃ ሆነ፤ ክረምቱም አልፎ እዚያው ቆየ። ነጋዴው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተነሥቶ ቦታው የጸዳው ለ2013 ጥምቀት ሲደርስ ነው። ሜዳው የተመለሰው ታቦት ስለሚያድርበት ነው፤ ልጆች ስለሚጫወቱበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል እንቸኩል ነበር ወይ ብዬ እጠራጠራለሁ።

አሁን የተነሡት ቤተሰቦች ያሉበትን እንይ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ከተጀመረ ሁለት አሥርት ዓመት አልፎታል። በብሎኮቹ መካከል የጋራ ቦታ አለ፤ ይህ ለልጅ ጥሩ ዕድል ነበር። ቤቱ ከቀበሌው ቤት ይሻላል፣ መጸዳጃው የራስ ነው፣ ውኃም (ሲመጣ) ቧንቧው ውስጥ ነው። የጋራው ቦታ ግን በብዙ ሳይቶች ቀስ በቀስ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። መኪና ያለው ነዋሪ ጥቂት ነው፣ ቦታውን የያዘው ግን እሱ ነው። የኳስ ድምፅ «መስኮት ይሰብራል» ተብሎ ይከለከላል። ልጆቹ ደረጃ ላይ ተቀምጠው በአንድ ስልክ ላይ ለአራት ያፈጥጣሉ።

ለዚህ ጥሩ መለኪያ ቡሄ ነው። ነሐሴ 12 ማታ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ሜዳ አይደለም፤ በር ነው። ከበሩ ጀርባም ስማቸውን የሚያውቅ፣ «የነ እንትና ልጆች መጡ» ብሎ ሙልሙል የሚያወጣ ሰው። የእንቁጣጣሽ አበባዮሽም እንዲሁ ነው። ልጆቻችን በዓመት ውስጥ ያሏቸው ትልልቅ የደጅ ጨዋታዎች በጎረቤት ላይ የቆሙ ናቸው። ዶሮ ማነቂያ በአንድ ምሽት መቶ በር ይንኳኳ ነበር። ዛሬ በአዲሱ አደባባይ ላይ ለቡሄ የሚንኳኳ በር የለም፤ የተዛወሩት ልጆች ደግሞ አምስተኛ ፎቅ ወጥተው የማያውቁትን በር ያንኳኳሉ። አንዳንዱ ይከፈታል። ከዓመት ዓመት የሚከፈተው ይበዛል ብዬ አስባለሁ፤ ጎረቤትነት ጊዜ እንጂ ተአምር አይፈልግምና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የፈረሰውን መልሶ መገንባት አይቻልም። አደባባዩን ግን ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ለሩቁ ልጅ ማቅረብ ይቻላል። በ2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ሲከፈት ልጆች አስፋልት ላይ ስኬት ሲነዱ፣ አዛውንቶች ሲሮጡ ዓይተናል። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ይህን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ዛሬም በየእሑዱና በየበዓሉ ከጠዋቱ አንድ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት ትለቃለች። ቦጎታም እንደኛ ተራራ ላይ ያለች፣ እንደኛ በመኪና የተጨናነቀች ከተማ ናት። ትምህርቱ ያለው በየሳምንቱ መሆኑ ላይ ነው፤ ቀኑ ከታወቀ ቤተሰብ አስቀድሞ ያቅዳል። ከምኒልክ አደባባይ እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ንጣፉም ዝግጁ ነው። ዘወትር እሑድ ጠዋት ቢዘጋ፣ አስፋልቱ ላይ ኳስ ቢፈቀድ፣ ያ ጥበቃ የሚጠቁምበት አያጣም።

ባቡሩም አለ። ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር የሰሜን ደቡቡ መስመር ከቃሊቲ ተነሥቶ የሚደርሰው እዚሁ ምኒልክ አደባባይ ነበር። በዚያ መስመር አቅራቢያ ለሚኖሩ ቤተሰቦች እሑድ ጠዋት ከወላጅ ጋር የሚመጣ ልጅ በነጻ ይሳፈር ቢባል፣ መግቢያ ላይ ካየነው ሀያ ሒሳብ ብዙው ይቃለላል። የዓድዋ ድል መታሰቢያውም በወር አንድ ቀን ለአካባቢው ተፈናቃይ ቤተሰቦችና ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች በሩን በነጻ ቢከፍት፣ ስለ ዓድዋ የሚነገራቸው ነገር በአካል ይደርሳቸዋል።

ይህ ሁሉ ቢሆን እንኳ ለሳምንቱ አንድ ቀን ነው። ስድስቱ ቀን ያለው ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ አርክቴክት መቅጠር፣ ድንጋይ ማስመጣት አያስፈልግም። በብሎኮቹ መካከል አንዱን ጥግ ለኳስ ለይቶ፣ መስኮት ለሚፈራው ነዋሪ መረብ ዘርግቶ፣ ሁለት ሦስት ጥላ ያለው ዛፍ ተክሎ፣ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር ማኖር ይበቃል፤ እናቶች ጎመን እየቀነጠሱ ልጆቻቸውን ያዩበታል። ይህን ለመወሰን የካቢኔ ስብሰባ የሚጠብቅ የለም። የብሎኩ ኮሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባው ከውኃ ሞተሩና ከጥበቃው ደመወዝ ቀጥሎ አጀንዳ አድርጎ ሊይዘው ይችላል፤ ከባዱ ነገር እሑድ እሑድ መኪናቸውን ከግቢ ውጭ ለማቆም የሚስማሙ ሦስት አራት ጎረቤቶች ማግኘት ነው።